በሴኮንድ 115 ሺህ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ

በዓለም ዙሪያ ባርኮድ በየቀኑ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይነበባል። ይህን የሚለው ጂኤስ1 ነው፤ የባርኮድ ቁጥሮችን የሚያድለውና አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ድርጅት። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሴኮንዶች አሉ። አሥሩን ቢሊዮን ብናካፍለው በእያንዳንዷ ሴኮንድ 115,740 ጊዜ ያህል “ቢፕ” ይላል ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅብዎ፣ እስኪጨርሱት ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ዕቃ በቀይ ብርሃን ሥር አልፏል። የምድር ሕዝብ 8 ቢሊዮን ግድም ስለሆነ፣ ባርኮድ አይቶ የማያውቀው የገጠር ሰው እንኳ ቢቆጠር ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከአንድ በላይ ይደርሰዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የብዛቱ ነገር ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ ቢፕ በአብዛኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ መሆኑ ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? ቁጥሩ ወደ መደብሩ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ስምና ዋጋ ይዞ ይመለሳል፣ በቃ። ምን ገባበት? የት ተሠራ? የሠራችው ልጅ ስንት ተከፈላት? እነዚህን በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ቅጽበት መጠየቅ ይቻላል። ማሽኑን የሚከለክለው ምንም ነገር የለም። መልሱም በአብዛኛው አንድ ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል፤ አምራቹ ያውቀዋል፣ ላኪው ያውቀዋል፣ ተቆጣጣሪው ያውቀዋል። የማያውቀው ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ነው።

ነገሩ ከጥንስሱም ለሸማች የታሰበ አልነበረም። ጆሴፍ ዉድላንድ የተባለ አሜሪካዊ ማያሚ የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ፣ በልጅነቱ የተማረውን የሞርስ ኮድ እያሰላሰለ ጣቶቹን አሸዋው ላይ ጎተታቸው፤ ነጥቡና ጭረቱ ወደ ታች ሲረዝሙ ቀጭንና ወፍራም መስመር ሆነው ታዩት። ከጓደኛው ከበርናርድ ሲልቨር ጋር የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ገበያ እስኪገባ 22 ዓመት ጠበቀ። ጁን 26 ቀን 1974 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት አንዲት ገንዘብ ተቀባይ አሥር ፓኮ የታሠረበትን የሪግሊ ማስቲካ በማንበቢያው ላይ አሳለፈች። ዋጋው 67 ሳንቲም ነበር። ነጋዴው የፈለገው ሰልፍ እንዲያጥርና ምን ያህል ዕቃ እንደቀረው እንዲያውቅ ነው፤ ሁለቱንም አገኘ።

አሁን ከማጀትዎ አንድ የታሸገ ነገር ያንሡና ከመስመሮቹ ሥር ያለውን ቁጥር ይቁጠሩ። በአብዛኛው 13 አሃዝ ነው። የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ ነፃ የሆኑት 12 ናቸው። በ12 አሃዝ አንድ ትሪሊዮን የተለያየ ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ በሴኮንድ አንድ እየቆጠረ ልጨርሰው የሚል ሰው ከ31 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች በየቤቱ የሚነገር አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። በ629 የሚጀምር የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በ628 የሚጀምር የሳዑዲ፣ በ622 የሚጀምር የግብፅ፣ በ869 የሚጀምር የቱርክ ዕቃ ነው ይባላል። እውነቱ ጠበብ ያለ ነው፤ አሃዞቹ የሚናገሩት ኩባንያው ቁጥሩን ያወጣው በየትኛው አገር ቅርንጫፍ እንደሆነ ብቻ ነው። በዱባይ የተመዘገበ ኩባንያ ዱቄት ወተቱን ከሌላ አህጉር አስመጥቶ ሊያሽግ ይችላል፤ ቁጥሩ ያው በ629 ይጀምራል። አገር እየለዩ ለመግዛት ወይም ላለመግዛት በእነዚህ አሃዞች የሚመሩ ሰዎች የልባቸውን ቅንነት አከብራለሁ፤ ቁጥሩ ግን የሚፈልጉትን አይነግራቸውም።

ታዲያ ምን ይነግራል? ለብቻው ምንም። ሌላ መዝገብ ካለ ግን የመዝገቡ ቁልፍ እሱ ነው።

በሜይ 2012 ስቴፋን ጂጋንዴ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ያንን መዝገብ ጀመረ። ስሙ ኦፕን ፉድ ፋክትስ ይባላል። አሠራሩ የዊኪፔዲያ ነው፤ ማንም ሰው በስልኩ ባርኮዱን ያነባል፣ የማሸጊያውን ፊት፣ የግብዓቶቹን ዝርዝርና የምግብ ይዘቱን ሰንጠረዥ ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ መረጃው ለሁሉም ክፍት ይሆናል። በየትኛውም ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ የተገዛ፣ በአማርኛ የተጻፈበት የሽሮ ከረጢትም ባርኮድ እስካለው ድረስ መዝገቡ ውስጥ እንደማንኛውም ዕቃ ቦታ አለው። ዛሬ በዚያ ቋት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ምርቶች አሉ።

ሦስት ሚሊዮን ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? በዓለም መደብሮች ፍጥነት ሦስት ሚሊዮን ቢፕ የሚያልቀው በ26 ሴኮንድ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተውበታል፤ ከአብዛኛው ምርት ጀርባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ወይም መደርደሪያ ፊት ቆሞ ዕቃውን እያገላበጠ ፎቶ ያነሣ አንድ ሰው አለ። ደመወዝ አልተከፈለውም፣ ስሙንም ማንም አያውቀውም። እኔ ይህን ከትልልቅ የዘመናችን ሥራዎች ውስጥ እቆጥረዋለሁ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 3017620422003። ይህ በፈረንሳይ የተመዘገበ፣ ኑቴላ የሚባለው ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት የ400 ግራም ብልቃጥ ቁጥር ነው። በመጀመሪያ እውነተኛነቱን እንፈትን፦ በጎዶሎ ቦታ ላይ ያሉት ስድስት አሃዞች (3፣ 1፣ 6፣ 0፣ 2፣ 0) ድምራቸው 12 ነው። በሙሉ ቦታ ላይ ያሉት (0፣ 7፣ 2፣ 4፣ 2፣ 0) ድምራቸው 15 ሲሆን በሦስት ሲባዛ 45 ይሆናል። 12 እና 45፣ 57። ወደ 60 ለመድረስ 3 ይጎድላል፤ የመጨረሻው አሃዝም 3 ነው። ማንበቢያው ማሽን ይህን ሒሳብ በእያንዳንዱ ቢፕ ይሠራል፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ያውቀዋል። እጅዎ ላይ ባለው ዕቃም ይሞክሩት።

አሁን በዚሁ ቁጥር መዝገቡን ሲከፍቱ፣ ከመቶ ግራሙ 56.3 ግራሙ ስኳር መሆኑን ያያሉ። ቀጥሎ የፓልም ዘይት አለ፤ ሐዘልነት የተባለው ፍሬ 13 በመቶ፣ ኮኮዋው 7.4 በመቶ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ስኳር በአጠቃላይ 225 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይበልጥ ይጠቅማል ስለሚል፣ አንዱ ብልቃጥ የዘጠኝ ቀን ሙሉ ድርሻ ይዟል። ይህ ሁሉ በብልቃጡ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ የለም ወይ? አለ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንድን ጽሑፍ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያነበዋል፣ ይረሳዋልም። ሦስት ሚሊዮን ጽሑፍ አንድ ላይ ሲደረደር ግን ከዚህ በፊት ማንም ሊጠይቀው ያልቻለውን ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ ከቁርስ እህሎች ሁሉ ስኳሩ ትንሹ የትኛው ነው? የፓልም ዘይት የሌለባቸው ብስኩቶች ስንት ናቸው? አንድ ዓይነት ስም ያለው መጠጥ በአንዱ አገር ለምን ከሌላው አገር የበለጠ ስኳር ይጨመርበታል?

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ኩባንያዎችን ያንቀሳቅሳል። ፈረንሳይ ከኤ እስከ ኢ ባለው ደረጃ ምግብን የሚመዝነውን ኑትሪ-ስኮር በይፋ የተቀበለችው በ2017 ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ ግን ከዚያ በፊት ያላቸውን መረጃ አስልተው ደረጃውን ማሳየት ጀምረው ነበር። በዚያው ዓመት ዩካ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ከዚሁ ክፍት ቋት መረጃ ወስዶ ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት አልፎ በ2019 ኢንተርማርሼ የተባለው የፈረንሳይ ትልቅ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት የ900 ምርቶቹን አሠራር እንደሚቀይርና 142 ጭማሪ ንጥረ ነገሮችን እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ መደርደሪያው ፊት ቆመው ስልካቸውን እያዩ ዕቃውን መልሰው ያስቀምጡ ነበር። ዘጠኝ መቶ የምግብ አሠራር! ሕግ አላስገደደም፣ ፍርድ ቤት አልወሰነም።

“ክፍት” ስል በነፃ ማየት ይቻላል ማለቴ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2007 ዳራ ኦሩርክ የተባሉ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጉድጋይድ የሚባል አገልግሎት መሥርተው ነበር፤ ሳሙናውንም ሻምፖውንም ምግቡንም በጤና፣ በአካባቢና በሠራተኛ አያያዝ ይመዝን ነበር። በ2012 ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፣ በ2020 ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ ሸማቹ ይመራበት የነበረው መመሪያም አብሮ ሄደ። የኦፕን ፉድ ፋክትስ መረጃ ፈቃድ ግን ማንም ሰው ሙሉውን ቋት አውርዶ እንዲይዝ፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲነግድበትም ጭምር ይፈቅዳል፤ ግዴታው ምንጩን መጥቀስና የራስን ቋት ጭማሪም በተመሳሳይ ሁኔታ ክፍት ማድረግ ነው። ነገ ድርጅቱ ቢፈርስ እንኳ መረጃው አይፈርስም።

መንግሥት ሲያስገድድ ደግሞ ሌላ ፍጥነት አለው። በእስራኤል በ2014 በወጣ ሕግ መሠረት ትልልቆቹ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች ከ2015 ጀምሮ በየቅርንጫፋቸው ያለውን የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ለሁሉም ክፍት አድርገው በኢንተርኔት ማውጣት አለባቸው። ኢታይ አቴርና ኦረን ሪግቢ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ዋጋ ከ4 እስከ 5 በመቶ ቀንሶ አገኙት። እዚያ የሚኖሩት ከ160 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከዚህ ተጠቃሚ ናቸው፤ ስለ ሕጉ ሰምቶ የማያውቀውም ጭምር፣ ምክንያቱም የወረደ ዋጋ ለሁሉም ነው የሚወርደው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ስኳር፣ ጨው ወይም የረጋ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል። ዕብራይስጥ አንብበው የማያውቁ አረጋዊት እናትም ቀዩን ያዩታል።

እስካሁን ያየነው ከማሸጊያው ውስጥ ያለውን ነው። ከማሸጊያው ጀርባ ስንሄድ ቁጥሩ ይገዝፋል፣ መረጃው ግን ይሳሳል።

በኑቴላው ላይ ያየነውን 7.4 በመቶ ኮኮዋ የሚለውን መስመር እናስብ። እዚህ ላይ ስለ አንድ ኩባንያ አልናገርም፤ ስለ መላው ቸኮሌት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኖርክ የተባለ የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በ2018/19 የምርት ዘመን በኮትዲቯርና በጋና የኮኮዋ እርሻዎች 1 ሚሊዮን 560 ሺህ ሕፃናት በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ ነበሩ። ትልልቆቹ የቸኮሌት አምራቾች አስከፊውን የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ በ2005 ለማጥፋት በ2001 ፈርመው ነበር። ይህ ቁጥር በየትኛው ማሸጊያ ላይ ተጽፏል? ባርኮዱ ኮኮዋው ከየትኛው መንደር እንደመጣ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልተደረገም።

ልብስ ከዚህ ይብሳል። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ አቅራቢያ ሳቫር ውስጥ ባለ ስምንት ፎቁ ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ 2,500 ያህል ቆሰሉ። ሕንፃው ውስጥ አምስት የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። ለማን ነበር የሚሰፉት? የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች መልሱን ያገኙት ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው ከአቧራው የልብስ ምልክቶችን በመልቀም ነው። ዓለም የሚለብሰውን ሸሚዝ የሰፋው ማን እንደሆነ ለማወቅ አስከሬን በወጣበት ድንጋይ ሥር መፈለግ ነበረባቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር፣ የፋብሪካ ስም ዝርዝር የንግድ ምስጢር ነው የሚለው ክርክር ከየትኛው ኅሊና እንደሚመነጭ ይጨንቀኛል።

ክርክሩ ባዶ መሆኑ ደግሞ ቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ናይኪ በ2005 ከ700 በላይ የሚሆኑ ፋብሪካዎቹን ዝርዝር አውጥቷል፣ አልከሰረምም። በ2019 የልብስ ፋብሪካዎች ክፍት መዝገብ ተቋቋመ፤ ዛሬ ኦፕን ሰፕላይ ሀብ ይባላል። ለእያንዳንዱ ፋብሪካ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ በካርታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምክንያቱም አንዱ ፋብሪካ በአሥር ገዢዎች ዝርዝር ውስጥ በአሥር ዓይነት አጻጻፍ ይገኝ ነበርና ማንም ማገናኘት አልቻለም። መዝገቡ ዛሬ ብዙ መቶ ሺህ የማምረቻ ቦታዎችን ይዟል። ሆኖም ፋሽን ሪቮሉሽን የተባለ ድርጅት በ2023 የዓለምን 250 ትልልቅ የልብስ ብራንዶች ሲፈትሽ፣ የሚሰፉላቸውን ፋብሪካዎች ይፋ ያደረጉት 52 በመቶ ነበሩ። ጥሬ ዕቃውን ከማን እንደሚያገኙ የተናገሩት ግን 12 በመቶ ብቻ ናቸው።

የእኛም አገር ስም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አለ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአውሮፓና ለአሜሪካ መደብሮች ልብስ ይሰፋ ነበር። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ በወቅቱ 95 ዶላር ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው በወር 26 ቀን ግድም ይሠራል። በቀን አንድ ዶላር። በዚያው ልብስ አንገት ሥር “በኢትዮጵያ የተሠራ” የሚል ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ ነበር፤ ዋጋው የተንጠለጠለበት ካርቶን ላይ ባርኮድ ነበር። 26 የሚለው ቁጥር ግን ከጥናቱ በቀር የትም አልነበረም።

ቡናውስ? አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። ሲቆላ ክብደቱ ቀንሶ 16,000 ኪሎ ቢቀር፣ በስኒ 8 ግራም ቢገባ፣ ሁለት ሚሊዮን ስኒ ነው። ግማሽ ሔክታር ያለው ገበሬ በዓመት 300 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ያገኛል ብንል፣ አንዱን ኮንቴይነር ለመሙላት የ64 ገበሬ የዓመት ልፋት ያስፈልጋል። በተግባር ግን የብዙ መቶ ሰዎች እሸት ቡና እየተቀላቀለ ነው የሚሄደው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ከተመሠረተ በኋላ ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ስለሚሸጥ የአምራቹ ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ በ2017 ማሻሻያ ከተጀመረ ወዲህ ምንጩን ተከትሎ መሸጥ በሰፊው ተፈቅዷል።

በ2023 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ቡና ከሰባቱ ምርቶች አንዱ ነው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና አይገባም፤ ይህንንም ለማረጋገጥ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ድረስ ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። የሚጀምርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን በጅማም በሲዳማም ቀጥሏል። ስድስተኛው አሃዝ ምን ያህል ርቀት ይለያል? 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ግማሽ ስንዝር። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል በርሊን ያለ ገዢ ሊሙ ውስጥ ያለን ማሳ መገኛ እስከ ግማሽ ስንዝር በሚለይ ቁጥር ተጽፎ ያገኘዋል። ገበሬው ግን ቡናው በርሊን ስንት እንደተሸጠ አያውቅም፤ ጠጪውም ለገበሬው በኪሎ ስንት እንደተከፈለው አያውቅም። መረጃው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ደኑ መጠበቁን እደግፋለሁ። የአንድን ገበሬ ማሳ ያለ ፈቃዱ ለዓለም መዘርገፍ ትክክል ነው ብዬም አላምንም፤ በማኅበሩ ወይም በቀበሌው ስም ማውጣት ይበቃል። ዋጋው ግን ይውጣ። ቦታ የለም እንዳይባል፣ ጂኤስ1 በ2027 መጨረሻ የዓለም መደብሮች ማንበቢያዎች ካሬውን ኮድ እንዲያነብቡ ግብ አስቀምጧል፤ አንድ የኪውአር ኮድ እስከ 7,089 አሃዝ ይይዛል። የማሳው መገኛ ጅማ ላይ 15 አሃዝ ነው፣ ቡናው የተለቀመበት ቀን 8 አሃዝ፣ ለአንድ ኪሎ ቀይ ቡና የተከፈለው ብር 3 አሃዝ፤ ድምሩ 26። የ64ቱም ገበሬዎች መረጃ 1,664 አሃዝ ይሆናል። ሁሉም ፈቅደው ቢጻፍ በአንድ ከረጢት ላይ ባለች ኮድ ውስጥ ይገባል፤ ለሌሎች ከ200 በላይ ገበሬዎችም ቦታ ይተርፋል። ከሃያ ስድስቱ አሃዞች መገኛውንና የምርት ጊዜውን ደንቡ ከወዲሁ ይጠይቃል። ሦስቱን የዋጋ አሃዞች አይጠይቅም።